ከሞተ በኋላ አሥራ ሁለት ጊዜ ስለፈረመው ወንድሜ

ዓርብ፣ ሜይ 2 ቀን 1997
ኦክላንድ

ለክቡር አቶ ሳህሉ፣
የወገን ደራሽ መረዳጃ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ማመን አለብኝ፤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወንድሜ ህዝቅያስ በሞተበት ቀን ለእናታችን «አልሞተም» ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም፤ አሁን እርስዎ ዐወቁ። ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ቴሜስካል ሰፈር ባለው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያነብ ሁሉ ዐወቀ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል ብሎልዎት፣ ባለቤትዎና ልጆችዎም በደህና ውለው የሚያድሩ ከሆነ ደስታዬ ከልብ ነው። በእኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን፤ ሁላችንም ስል እናቴና እኔ፣ እንዲሁም በማኅበሩ ሰነዶች መሠረት ህዝቅያስ ማለቴ ነው።

በስብሰባ ላይ ተነሥቼ መናገር እንደማልችል ያውቃሉ፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ ጫማዬን ነው የማየው። ትምህርቴም አዲስ አበባ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተቋርጦ እዚህ የተቀጠለ ስለሆነ አማርኛዬም እንግሊዝኛዬም ግማሽ ግማሽ ነው። እርስዎ በጃንሆይ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰው ስለሆኑ ስሕተት ሲያገኙ በቀይ እስክሪብቶ እንዲያርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ቢያርሙልኝ ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ።

ታሪኩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስታውስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በማኅበሩ ስም ኢሜይል ልኮ፣ የሳን ሆዜዋ የወይዘሮ ቲቲ እናት አዲስ አበባ ዐረፉ አለ። ሠላሳ ሰው በስድስት መኪና ሆኖ ጎሕ ሳይቀድ ሄደ። በሩ ሲከፈት እያለቀሱ ገቡ፤ ወይዘሮ ቲቲ ግን ስልክ ይዘው ነበር፣ በስልኩ ማዶም የሞቱት እናታቸው «ማነው የሚያለቅሰው? ኧረ ምን ሆናችሁ?» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ሳንታ ክላራ በኮምፒውተር ቴክኒሺያንነት ይሠራ የነበረውን ህዝቅያስን መላ እንዲፈልግ ጠየቀው፤ እሱም አንድ የመፈረሚያ ፕሮግራም አገኘ። ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣውን ማስታወቂያ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ፈጭቶ ሠላሳ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያደርገዋል። ህዝቅያስ ይህን የፋይሉ አሻራ ይለው ነበር፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ሌላ ይሆናል። በዚያ አሻራ ላይ እሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርማል፤ እኛ ደግሞ ለሁሉም በታደለ ሌላ ቁልፍ ፊርማው የእሱ መሆኑን እናጣራለን።

እኔን ያስተማረኝ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነው። የፕሮግራሙ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ የፋይሉ ስም ከነነጥቡ፣ ከዚያ ኢንተር። «ሥዕል የለው፣ ማውዝ የለው፤ የጻፍሽለትን ብቻ ነው የሚሰማሽ፣ ፊትሽንም አያይሽም» አለኝ። ከሰው ይልቅ ከዚያ ስክሪን ጋር ማውራት የቀለለኝ ለዚህ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ከተፈረመ በኋላ አንድ ፊደል የቀየረበትን ፋይል ይልክልኝና፣ ሳላጣራ ያመንኩ እንደሆነ «በላሁሽ!» ይለኝ ነበር። የቤታችን አጣሪ እኔ ሆንኩ። ኮሚቴውም በእርስዎ ሐሳብ አቅራቢነት፣ ያልተፈረመበት መርዶ እንዳይታመን ወሰነ፤ እጅግ አስተዋይ ውሳኔ ነበር።

እንግዲህ ማኅበራችን ተራ ቁጥር የሌለውን አቤቱታ እንደማይቀበል ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን ጭምር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ክቡርነትዎ የማኅተሙ ሣጥን ቁልፍ ምን ጊዜም ሁለት እንደሆነ፣ አንዱ በእርስዎ አንዱም በጸሐፊዋ እጅ እንደሚቀመጥ አስታውሰው፣ የህዝቅያስም ቁልፍ እንደዚያው ግልባጩ ቢሮ እንዲቀመጥ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ለሁለተኛ ሰው ከሰጠሁት ፊርማ መሆኑ ቀረ ብላቸው ሣቁብኝ። ጋሽ ሳህሉን እንዴት አድርጌ እምቢ ልበላቸው?» አለ። ቁልፉን በፍሎፒ ዲስክ፣ የሚከፍተውን የይለፍ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በታሸገ ፖስታ አድርጎ ሰጠዎት። ታላቅን እምቢ እንዳይል አድርጋ ያሳደገችውን እናቴን በማኅበሩ ስም ቢያመሰግኑልኝ መልካም ነው።

2ኛ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን፣ ሐሙስ። እማዬ እንግሊዝኛ ስለማትችል ህዝቅያስ በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ፣ በአደጋ ጊዜ ይጠራ በሚለው ቦታ የጻፈው የእርስዎን ስልክ ነበር። ስለዚህ ወደ ሥራ ሲሄድ በ880 አውራ ጎዳና ላይ የጭነት መኪና እንደገጨው ጠዋት የሰሙት እርስዎ ነዎት። ለእኛ አለመደወልዎን አልነቅፍም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ቤት ለቤት መደወሉ ግን አድካሚ ስለሆነ፣ ለአባላት የሚላክ ማስታወቂያ አስጻፉ። እንዲህ ይላል፦ «ወጣት ህዝቅያስ ዛሬ ጠዋት በደረሰበት የመኪና አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ፣ አባላት ነገ ከንጋቱ አምስት ሰዓት በቤተሰቡ ቤት አጠገብ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ፓርኪንግ እንድትገኙ። ለቤተሰቡ ስላልተነገረ በጥብቅ ምስጢር ይያዝ።» ይህን ምስጢር ለአባላት ዝርዝር በሙሉ ላኩት። በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው አድራሻ የእኛ ነው፤ ዝርዝሩን የሠራው እሱ ነበርና።

ከትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ ገብቼ አነበብኩት።  ግን አጣሪ ተብዬ የለ? አጣራሁ። ፊርማው ትክክለኛ ነው፣ የፈረመውም ህዝቅያስ ነው አለኝ። የተፈረመበትን ጊዜ የሚያሳየው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ስምንት ሰዓት ቀነስኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆነ። ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ አይፈርምም። ቢሮ ያለው ግልባጭ ትዝም አላለኝ። በላሁሽ ሊለኝ ነው ብዬ ሣቅሁ፤ ክቡር ሆይ፣ በእርግጥ ሣቅሁ። ወደ ኩሽና ሮጬ «እማዬ፣ ህዝቅያስ ሞተ ብለው ጽፈዋል፤ አልሞተም፣ የፈረመው ራሱ ነው!» አልኳት። እማዬ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ «ይኼ ባለጌ! ይምጣ ብቻ፣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው» አለች፤ እሷም ሣቀች። እስኪመሽ ድረስ ጆሮውን ልትቆነጥጥ ጠበቀችው። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ስልክ ተደውሎ፣ እማዬ በደስታ «አቤት!» ስትል ተዘጋ። የደወላችሁት አባላት እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ባለ ድምፅ ስልክ አንሥታ ስለማታውቅ ያን ድምፅ የሰማችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። እርስዎ ከፊት ነበሩ። እማዬ ሰዉን ሁሉ ዐይታ፣ «ተሳስታችኋል፤ ልጄ ፈርሟል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ተባለ። እኔ ከበስተኋላዋ ቆሜ ነበር፤ ገብቶኛል።

3ኛ. የሬሳ ሣጥኑ ተከፍቶ አላየችውም። አይታይም ተባለ፤ ምክንያቱንም እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ሞደሙ ሲጮህ ከኩሽና ወጥታ ከወንበሬ ኋላ ቆመች። «ዛሬስ ፈረመ?» አለችኝ። አጣራሁ። ፈርሟል። ምን እንድል ፈልገው ነበር? እኔ ያስተማርኳት ማሽኑ አይዋሽም ብዬ ነው።

እንደዚህ ዐሥር ሐሙስ አለፈ። ኮሚቴው ወንድሜን በሥራ እንዳይቦዝን ስላደረገው ከልብ አመሰግናለሁ። ማርች 27 ቀን «ሟቹ ህዝቅያስ ለማኅበሩ ላበረከተው አገልግሎት ምስጋና እናቀርባለን» ተብሎ ወጣ፤ ራሱ ፈርሞ ራሱን አመሰገነ። ኤፕሪል 10 ቀን በስብሰባ በተደጋጋሚ የማይገኙ አባላት ስም ዝርዝር ሲወጣ ሁለተኛው እሱ ነበር፤ ራሱን የሚወቅሰውን ማስጠንቀቂያም ያለ ቅሬታ ፈርሞበታል። እንዲህ ያለ ትሑት አባል ከየት ይገኛል?

ኤፕሪል 3 ቀን የሆነውን ግን ላጫውትዎ። የማኅበሩ ጸሐፊ እትዬ ወርቂቱ ከፈረሙ በኋላ የስብሰባው ሰዓት አራት ሳይሆን አምስት መሆኑ ትዝ ብሏቸው ፋይሉ ውስጥ አስተካከሉት። አንዲት ቁጥር ናት። ማሽኑ ግን ፊርማው ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም አለ። ፊርማው የያዘውን አሻራና የደረሰኝን ፋይል አሻራ ጎን ለጎን ደብተሬ ላይ ገልብጬ አስተያየሁ፤ ያው አንድ ስብሰባ፣ ያው አንድ አዳራሽ፣ አሻራዎቹ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። «ምን ይላል?» አለችኝ እማዬ። «ዛሬ ትክክል አይደለም» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አሞት ነው?» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ጾመች። በሚቀጥለው ሐሙስ ፊርማው ሲገጥም ትከሻዬን ይዛ «ተመስገን፣ ተሻለው» አለች። ያ ያልኩዎት፣ ከስብሰባ ቀረ ተብሎ የተወቀሰበት ማስታወቂያ ነበር።

የሚቀጥለው ስንተኛ እንደሆነ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ኤፕሪል 17 ቀን እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለሚፈርመው ሰው የሚላክ ነው ብላ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። «መቼ ነው የምትመጣው? ጠባዬ ከብዶህ ከሆነ ይቅር በለኝ» የሚል ነው። ወደ ማኅበሩ አድራሻ ላክሁት፤ መልስ አይመጣም ብዬ ነበር። በማግስቱ መጣ። «ደብዳቤዎ ደርሶናል። በቅርቡ ምላሽ እንሰጥበታለን።» ለሁሉም የምትልኩት መልስ መሆኑን ዐውቃለሁ። ከሥሩ ግን ተፈርሟል፤ አጣራሁት፣ የፈረመውም ህዝቅያስ ነው። እማዬ «በቅርቡ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን አይቆለፍም። ኦክላንድ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ሁለት ሴቶች በር ሳንቆልፍ እንተኛለን፤ ስቆልፈው ተነሥታ ትከፍተዋለች። ኮሚቴው ለደብዳቤ ፈጣን መልስ በመስጠቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ባለፈው ቅዳሜ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ፣ አውቶቡስ ውስጥ እየደጋገምኩ፣ ቢሮ መጣሁ። ከወረቀቱ ሁለት መስመር ሳላነብ ክቡርነትዎ በአባትነት መንፈስ «ልጄ፣ ማኅተም የቢሮ ነው። ጸሐፊ በተለወጠ ቁጥር ማኅተም ይቀረጻል እንዴ?» አሉኝ። ትክክል ነው፣ ማኅተም አይቀረጽም። ክቡ ማኅተማችን የሚለው ቢሮው ይህን ብሏል ነው። የህዝቅያስ ፊርማ የሚለው ግን ህዝቅያስ ይህን አይቶታል፣ ተስማምቷል ነው። ይህን ልል ነበር፤ ጫማዬን ዐየሁ እንጂ አላልኩትም። እትዬ ወርቂቱም እቅፍ አድርገው «የኔ ቆንጆ፣ እኔ እኮ ስሙ አይጥፋ ብዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ስሙን ሳይ እጽናናለሁ» አሉኝ፤ ዐይናቸውም እንባ አዘለ። በክፋት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቀና ስል ፖስታው ውስጥ የነበረው ወረቀት ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ዐየሁ። የይለፍ ዐረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፈው፤ ሲነበብ ግን አማርኛ ነው። «ጃኬትህን ይዘሃል ወይ» ይላል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ሆና የምትለው ነው፤ በሞተበትም ቀን ብላዋለች። እትዬ ወርቂቱ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በሁለት ጣታቸው እየጻፉ እሱን የሚቀሰቅሱት በዚህ ቃል ነው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝና ሰላም ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለወንድሜ ለሰጡት የማያልቅ ሥራ፣ ለእናቴም ሐሙስ ሐሙስ ለሚልኩላት ልጅ፣ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጫማዬን ሳይሆን ስምዎን እያየሁ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው የሥራ ዘመን የተባረከ ይሁን፤ አባላቱም የመፈረሚያ ጊዜያቸው ሲያበቃ የሚያሳርፋቸው ሰው አይጡ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሕይወት ስላለሁ በገዛ እጄ የፈረምኩ፣
ሉሊት
የህዝቅያስ እህት

በድጋሚ፦ ያን ወረቀት ከስክሪኑ ላይ ስላላነሣችሁት ባለ ዕዳችሁ ነኝ። የቁልፉ ሌላ ቅጂ እቤታችን ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ የጎደለኝ ቃሉ ብቻ ነበር። ቁልፍ በባለቤቱ ስም የሚሻርበት ትእዛዝ አለ፤ አንዴ ተሽሮ ለአባላቱ ከተላከ ማሽኑ በየቤቱ ይህ ቁልፍ ተሽሯል፣ አትመኑት ይላል፤ መመለሻም የለውም። ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ይህን ካያችሁ ቴክኒሺያን አትጥሩ፤ ክቡን ማኅተም ስክሪኑ ላይ ምቱት፣ ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ዛሬውኑ ላደርገው እችል ነበር፤ ከአባላቱ በፊት መስማት ያለበት አንድ ሰው ስላለ ነው ያቆየሁት። ነገ ቅዳሜ ነው። ሲነጋ፣ ማንንም ሳልጠራ፣ እማዬን ከኮምፒውተሩ ፊት በእኔ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። ጣቷን እየመራሁ፣ በእሱ ቁልፍና ከበሩ ላይ በምትለው በዚያ በራሷ ቃል፣ አንድ ባዶ ፋይል ራሷ ትፈርማለች፤ ማሽኑም የፈረመው ህዝቅያስ ነው ይላታል። እጆቿን እስክታያቸው እጠብቃለሁ። ከዚያ እነግራታለሁ።